ትኬቱን ልቁረጥ ወይስ ልተወው?

ሰላም ወገኖች። የምጽፈው ከደሴ ነው። እስኪ ምከሩኝ፣ ግራ ገብቶኛል።

አዲስ አበባ የሁለት ቀን የሙዚቃ ፌስቲቫል አለ። ትልቅ ስፖንሰር የሌላቸው ልጆች ናቸው ያዘጋጁት። ትኬቱ 2,500 ብር ነው። ፖስተሩ ላይ 14 ስም ተደርድሯል፤ የማውቀው ሦስቱን ብቻ። አንደኛው ማሲንቆን ከጊታር ጋር አዋህዶ የአምባሰልና የባቲ ቅኝት የሚጫወት ባንድ ነው። እኔ ደግሞ ወሎዬ ነኝ። አምባሰልም ባቲም እዚሁ ደጃችን ያሉ አገሮች ናቸው። የራሴን ቅኝት ለመስማት 400 ኪሎ ሜትር ልጓዝ? ለራሴም ያስቀኛል። ግን እንዲህ ያለ መድረክ እዚህ የት አለ?

ትኬቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የአውቶቡስ ደርሶ መልስ፣ የሁለት ሌሊት አልጋ፣ ምግብ ሲደመር ኪሴ አይችለውም። ኮምቦልቻ የሚሠራ ጓደኛዬ "በዚህ ብር ጥሩ ስፒከር ገዝተህ ቤትህ አትሰማም?" አለኝ። አናደደኝ፤ መልስ ግን አጣሁለት።

አምናም ተሸውጃለሁ። ለሌላ ኮንሰርት ከፍዬ፣ የጠበቅኩት ዘፋኝ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ወጥቶ ሦስት ዘፈን ተጫውቶ ወረደ። ሦስት!

አሁንም ማን መቼ እንደሚወጣና ለስንት ደቂቃ እንደሚጫወት የሚገልጽ ፕሮግራም አልወጣም። ዋጋው ግን እሑድ ይጨምራል። እንዲህ ያለ ድግስ ላይ የሄዳችሁ፣ የማታውቋቸው ባንዶች ያስደሰቷችሁ ነበር? ባንዱ ለሚጫወትበት ቀን ብቻ ትኬት ስጡኝ ብል አዘጋጆቹ እሺ ይላሉ? ከእሑድ በፊት መልሱልኝ፣ በናታችሁ።