በወረዳ እጅ ያለ የጠጠር መንገድ፦ ጥገናውን ከየት እንጀምር?

አባይ_ማዶ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። በዩራፕ (በገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም) የተሠራ 42 ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ በወረዳችን እጅ ነው፤ ስፋቱ 5 ሜትር። 12 ኪሎ ሜትሩ ገረጋንቲው (የላዩ የጠጠር ንጣፍ) አልቆ አፈሩ ወጥቷል፤ 30ው አሁንም ሚኒባስና አይሱዙ ያስኬዳል። በጀት ሐምሌ ላይ ይፈቀዳል፣ ጨረታው ተንዛዝቶ ግሬደር የሚገባው ጥር ወይም የካቲት ነው፣ ክረምቱ ሲወጣ መንገዱ እንደገና ተበላሽቶ ይገኛል። ዘንድሮ ገንዘቡ በሙሉ በ12ቱ ላይ ይዋል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ዳገቱ ላይ የጎን ቦዩ ተሸርሽሮ ወደ ገደልነት እየተለወጠ ነው። ምን ትመክራላችሁ? የቀን ሠራተኛ ማኅበር ማሰማራትስ ያዋጣል?

ቦይ_ይቅደም፦
በመጀመሪያ 30ውን አድኑ። ሒሳቡን እንየው። 15 ሴንቲ ሜትር ገረጋንቲ በ5 ሜትር ስፋት ለአንድ ኪሎ ሜትር ተጠቅጥቆ 750 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሲጫን ልል ስለሆነ ወደ 950 ገደማ ይጠጋል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 60 ያህል ምልልስ ማለት ነው። ለ12 ኪሎ ሜትር ከ700 ምልልስ በላይ። በዚያው ጊዜ 30ው ሳይጠገን በዓመት 2.5 ሴንቲ ሜትር ቢታጠብና ቢበን 3,750 ሜትር ኩብ ይሄዳል። በሁለት ዓመት ተኩል 12ቱ ላይ የደፋችሁትን ያህል ከ30ው ላይ አጣችሁ ማለት ነው። ጥገና መጥፋቱን ጨርሶ አያስቀረውም፣ ግን በብዙ ያዘገየዋል። 12ቱ ላይ ለአሁኑ፣ መኪና የሚያሰምጡትን ቦታዎች ብቻ ሙሉ፣ ውሃ በመንገዱ ሥር የሚያሳልፉትን የተደፈኑ ቱቦዎች ክፈቱ።

የግሬደሩ ወቅትም መቀየር አለበት። በየካቲት ደረቅ ጠጠር ሲገፋ ማጣበቂያ የሆነው ደቃቅ አፈር በአቧራ መልክ ይሄዳል፣ የቀረው ልል ጠጠር በጥቂት ሳምንት ውስጥ መኪና የሚያንቀጠቅጥ ኮሩጌሽን (ተከታታይ የማዕበል ቅርጽ) ይሠራል። ትክክለኛው ጊዜ መሬቱ እርጥበት ሳያጣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ነው። ካለፈ ውሃ ቦቴ የግድ ነው፤ ያለ ውሃ መግፋት ነዳጅ ማቃጠል ብቻ ነው። አሠራሩ፦ ምላጩ እስከ ኮሩጌሽኑ ሥር ድረስ ይቁረጥ (ላይ ላዩን ከተላጨ ያው ቅርጽ ይመለሳል)፣ ቁሳቁሱ ከጠርዝ ወደ መሐል ይሰብሰብ፣ ከመሐል ወደ ሁለቱም ጎን 5 በመቶ ተዳፋት ይያዝ፣ ከዚያ በሮለር ይጠቅጠቅ። ለ5 ሜትር መንገድ መሐሉ ከጠርዙ 12.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ በገመድና በውሃ ልክ ለክታችሁ ተረከቡ። ከ7 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ውሃ ይተኛበታል።

አንድ ስሕተት በየቦታው አያለሁ፦ ኦፕሬተሩ ከጎን ቦይ ያወጣውን ደለልና ሣር መንገዱ ላይ ይበትነዋል። ያ አፈር በዝናብ ጭቃ ነው። ወደ ውጭ ይጣል። በጠርዝ ላይ የሚቀረው የአፈር ክምርም ካልተነሣ ውሃው ወደ ቦዩ መውረጃ ያጣና መንገዱን ራሱን ቦይ ያደርገዋል።

ዳገቱ ላይ ከ4 በመቶ በላይ በሆነ ቁልቁለት ቦዩ ውስጥ የድንጋይ ክትር ሥሩ፤ በ5 በመቶ በየ20 ሜትሩ፣ በ10 በመቶ በየ6 ሜትሩ። የክትሩ መሐል ከዳርና ዳሩ ዝቅ ይበል፤ ካልሆነ ውሃው ክትሩን ዞሮ መንገዱን ይበላል። ከክትሩ በታች ውሃው የሚያርፍበትም ድንጋይ ይነጠፍ።

ውል_ጠንቃቃ፦
ማኅበሩ ያዋጣል፣ ውሉ ግን በተሠራ ቀን ሳይሆን በመንገዱ ሁኔታ ይከፈል። ለአንድ ሰው 1.5 ኪሎ ሜትር ብትሰጡ ለ30ው 20 ሰው ይበቃል። መሣሪያው አካፋ፣ ዶማ፣ ገጀራ፣ ባሬላና የእጅ መጠቅጠቂያ ነው። ክፍያው በየወሩ ተለክቶ ይሁን፦ የቱቦው አፍ ቢያንስ ሦስት አራተኛው ክፍት ነው ወይ? ማስወጫ ቦዮች (ውሃውን ከጎን ቦዩ ከመንገዱ የሚያርቁት) ሁሉ ውሃ ያወጣሉ ወይ? ውሃ ያቆረ ጉድጓድ አለ ወይ? ያላሟላ ኪሎ ሜትር የዚያ ወር ክፍያው ይቀነሳል። መለኪያው ሜትርና አካፋ ብቻ ስለሆነ የቀበሌ ሰውም መመርመር ይችላል።

ሁለት ነገር ውሉን ያፈርሳል። የመጀመሪያው የተበላሸ መንገድ ለማኅበር ማስረከብ ነው፤ በእጅ የሚጠበቅ መንገድ አስቀድሞ ቅርጽ ሊኖረው ይገባል፣ ስለዚህ 12ቱን ውሉ ውስጥ አታስገቡ። ሁለተኛው የመሬት መንሸራተትንና በጎርፍ የተወሰደ ቱቦን በወርሃዊው ክፍያ ውስጥ መጨመር ነው። ያ በነጠላ ዋጋ (በተሠራው ሥራ መጠን ተለክቶ) ለብቻው ይከፈል፤ አለዚያ ማኅበሩ በአንድ ክረምት ይበተናል። ክፍያውንም በ12 ወር እኩል አትክፈሉት፤ ሥራው የሚከብደው በግንቦትና ሰኔ፣ ደግሞም በመስከረምና ጥቅምት ነው።

አባይ_ማዶ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ማስወጫ ቦዮቹ ግን በየዓመቱ ይደፈናሉ፤ ገበሬው ውሃው ማሳውን ስለሚቦረቡርበት ራሱ ይዘጋቸዋል።

ቦይ_ይቅደም፦
ገበሬው ያለ ምክንያት አልዘጋም። ማስወጫው ሲበዛ በእያንዳንዱ የሚወጣው ውሃ ያንሳል፤ በየ100 ሜትሩ ይኑር፣ ሲበዛ ከ200 አይለፍ። ጫፉ በድንጋይ ይነጠፍና ከእርከን ወይም ከተፈጥሮ ፈሰስ ጋር ይገናኝ። በጥርና የካቲት በሚደረገው የተፋሰስ ሥራ ላይ የመንገድ ባለሙያው ከግብርና ባለሙያው ጋር አብሮ ቢወጣ፣ ቦዩ የሚያበቃበትን ቦታ ከባለ ማሳው ጋር ቆመው ይወስናሉ። እርከን የሚሠራው ጉልበት እዚያው ስለሚገኝ ተጨማሪ ወጪው ትንሽ ነው።

የበጀት_ሰው፦
የሐምሌው ችግር በወረዳ ደረጃም ይቃለላል። ውሉን የ3 ዓመት አድርጉት፣ የየዓመቱ ክፍያ በተፈቀደ በጀት ልክ ይሁን። የመጀመሪያውን ጨረታ መጋቢት ላይ ጀምሩ። ያኔ ሐምሌ 1 ሲገባ ተቋራጭ በእጃችሁ አለ፣ ጥቅምትም አያመልጣችሁም።

የገንዘቡ ምንጭ ራሱ ትኩረት ይፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ የተለየው ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰበውን ለመንገድ ጥገናና ለመንገድ ደኅንነት በመያዙ ነው። ግን በሊትር የተቆረጠ ክፍያ ካልተከለሰ የዋጋ ንረት ይበላዋል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ሲበዛም ነዳጅ የማይገዛ ተጠቃሚ ይበዛል። በክብደትና በተጓዘው ርቀት ማስከፈል ቀስ በቀስ መምጣት አለበት ብዬ አምናለሁ።

እስከዚያው ግን መዝገብ ያዙ። በየኪሎ ሜትሩ የገረጋንቲ ውፍረት (ጉድጓድ ቆፍሮ በሜትር)፣ የእያንዳንዱ ቱቦ ቦታና ስፋት፣ ቀን ያለው ፎቶ። ለ42 ኪሎ ሜትር ሁለት ሰው በሞተር በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል። በመዝገብ የሌለ መንገድ ክልል ላይ በጀት ሲከፋፈል ስሙ አይነሣም፤ ስለዚህ ይህ ከግሬደሩም በፊት ይሠራ።