በሲኤልቲ እንጨት የካርቦን ስሌት ላይ እርዳታችሁን እሻለሁ

ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ ለሚታሰብ ባለ 4 ፎቅ ሕንፃ የኮንክሪት ወለልን፣ ሳንቃዎቹ በመስቀለኛ ተነባብረው ከተጣበቁበትና ከኦስትሪያ ከሚመጣው ሲኤልቲ እንጨት ጋር በአካባቢ ተጽዕኖ ረገድ የሚያነጻጽር የማስተርስ ጥናት እየሠራሁ ሳለ አንድ ስሌት ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ።

የ1 ሜትር ኩብ እንጨት ደረቅ ክብደት 420 ኪሎ ግራም፣ ግማሹም ካርቦን ነው ብንል፣ ዛፉ ከአየር የሳበው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 770 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህን ከመነሻው ስቀንሰው ሕንፃው አየር የሚያጸዳ ይመስላል፤ ሆኖም ኢኤን 15804 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ የተቀነሰው ሁሉ በአገልግሎቱ ፍጻሜ ተመልሶ እንዲደመር ያዛል። እስከዚህ ገብቶኛል። ከጅቡቲ ወዲህ ያለውን የከባድ መኪና ጉዞም አስልቻለሁ።

የከበደኝ ፍጻሜው ነው። ያገኘሁት የአምራች ሰነድ እንጨቱ ተቃጥሎ ኃይል ያመነጫል ብሎ ጥቅሙን ለብቻ ይመዘግባል። እኛ ዘንድ ግን ከፈረሰ ቤት የወጣ እንጨት ምስማሩ ተነቅሎ ይሸጣል፣ የማይረባው ማገዶ ይሆናል፤ አጣና እንኳ ከአንዱ ግንባታ ወደ ሌላው ስንት ጊዜ ይዞራል! ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ባለ 3 ንብብር ናሙና የሙጫ መስመሩ ከክር ቢቀጥንም፣ ፖሊዩሬቴን የተባለ የፕላስቲክ ዓይነት ነውና በማንም ምድጃ ሲነድ ማየት አልፈልግም።

ታዲያ እንደገና መጠቀምንና ማገዶነትን ለየብቻ ላስላ፣ ወይስ በመቶኛ ላደባልቃቸው? ተመሳሳይ ስሌት የሠራችሁ ባለሙያዎች የትኛውን እንደመረጣችሁና ለአማካሪያችሁ እንዴት እንዳስረዳችሁ ብትነግሩኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።