ክርክር፦ የኦክላሆማ ኮማንቺዎች ይሻላሉ ወይስ የኮሎምቢያ ነባር ሕዝቦች?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ርዕስ ራቅ ያለ ነው። በአንድ በኩል የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑት ኮማንቺዎች አሉ። የወል መሬታቸው በ1901 በነፍስ ወከፍ ተሸንሽኖ የተረፈው ለሰፋሪ ተሰጠ። ዛሬ ካዚኖ አላቸው፤ የሀብታም አገር ዜጎች ናቸው። በሌላ በኩል የኮሎምቢያ ነባር ሕዝቦች አሉ። ሬስጓርዶ በሚባል የወል ይዞታ ከአገሪቱ ቆዳ ስፋት ከሩብ የሚበልጠውን ይዘዋል። ሕገ መንግሥቱ ይህ መሬት አይሸጥም፣ በዕዳም አይያዝም ይላል። ብዙዎቹ ግን ድሆች ናቸው። ጥያቄው፦ ገንዘብ የያዘው ይሻላል ወይስ መሬት የያዘው? ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ስድብ ያየሁበትን አስወጣለሁ።

ባለ ቆቡ፦ ይሄ ደግሞ ምኑ ያከራክራል? ኮማንቺ ይሻላል፣ አለቀ። አባላቱ 17,000 ገደማ ናቸው። ከካዚኖው ትርፍ በነፍስ ወከፍ ይከፈላቸዋል። ሲታመሙ ላውተን ከተማ የፌዴራል መንግሥቱ ለእነሱ የሚያንቀሳቅሰው ሆስፒታል አለ። ኮሎምቢያ ላ ጓሂራ የሚኖሩት ዋዩዎችስ? ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር የሚበልጥ ሬስጓርዶ ላይ ተቀምጠው ልጆቻቸው በምግብ እጥረት ይሞታሉ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ራሱ በ2017 መስክሯል። የወል መሬት አይበላም።

ሰብለ፦ ባለ ቆቡ፣ ፍርዱን ጠቅሰህ ይዘቱን ዘለልከው። ፍርድ ቤቱ የወቀሰው መንግሥትን ነው። ለዋዩ ልጆች ውሃ፣ ምግብና ሕክምና አላደረሳችሁም አለ። መሬታችሁን ስላልሸጣችሁ ተራባችሁ የሚል ነገር የለበትም።

ላ ጓሂራ ደረቅ ምድር ነው፤ ፍየል ነው የሚረባበት። እዚያው አካባቢ ሴሬሆን የሚባል ማዕድን አለ፤ ከዓለም ግዙፍ የድንጋይ ከሰል ማውጫዎች አንዱ ነው። የራሱ ባቡር አለው፤ 150 ኪሎ ሜትር ያህል በዋዩ አገር መሐል አቋርጦ ከሰሉን ወደብ ያደርሳል። ከሰሉ የማን ነው? የመንግሥት። በኮሎምቢያ ሕግ የወል ባለይዞታው ላዩን እንጂ ከመሬት በታች ያለውን አያዝበትም። ስለዚህ "መሬት አላቸው ግን ድሆች ናቸው" ስትል ግማሹን ነው የምትናገረው።

ጠያቂ፦ ላዩ የእነሱ፣ ውስጡ የመንግሥት። ይህን የት ነበር የማውቀው 😅

አወያይ፦ ጠያቂ፣ ወደ አገር ቤት አትጎትተን። ገና መጀመራችን ነው።

የዳላስ ሾፌር፦ እኔ በዚያ መንገድ ጭነት ስለማመላልስ አካባቢውን አውቀዋለሁ። ከቴክሳስ ወጥተህ ቀይ ወንዝን ስትሻገር የኮማንቺዎቹ ካዚኖ አለ። ፓርኪንጉ የቴክሳስ ታርጋ ነው የሞላው። የእኛም ሰው አይጠፋም፣ ስም አልጠራም። ለምን መሰላችሁ? ቴክሳስ እንዲህ ያለ የንግድ ካዚኖ አትፈቅድም። ገበያው የተፈጠረው በጎረቤት ክልከላ ነው። ነገ ቴክሳስ "ዳላስ ላይ ካዚኖ ይከፈት" ብላ ሕግ ብታወጣ ማን ሁለት ሰዓት ተኩል ይነዳል? ባለ ቆቡ፣ ሀብት ያልከው በሌላ ሰው ምክር ቤት እጅ ያለ ነገር ነው።

ባለ ቆቡ፦ ማንኛውም ንግድ አደጋ አለው። አደጋ ያለው ገንዘብ አደጋ ከሌለው ድህነት ይሻላል።

ጋሽ ታሪኩ፦ ልጆቼ፣ መሬቱ እንዴት እንደተሸነሸነ ሳትናገሩ ካዚኖ ገባችሁ። ትንሽ ልበላችሁ።

ኮማንቺዎች ከደቡቡ ሜዳ ጌቶች አንዱ ነበሩ። በ1867 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተፈረመው የሜዲሲን ሎጅ ውል ካዮዋ ከሚባሉት ጎረቤቶቻቸው ጋር ወደ ሦስት ሚሊዮን ኤከር የሚጠጋ ክልል ተመደበላቸው (ኤከር ከግማሽ ሄክታር ትንሽ ያንሳል)። የመጨረሻዎቹ ተዋጊዎች ከኳና ፓርከር ጋር በ1875 ፎርት ሲል ከሚባለው ጦር ሰፈር ገብተው እጅ ሰጡ። ከዚያ በኋላ ግን እንደ ለማኝ አልተቀመጡም። በ1880ዎቹ መሬቱን ለቴክሳስ ከብት ነጋዴዎች ለግጦሽ ያከራዩ ነበር። ገንዘቡ ለየሰው ይካፈል ነበር፤ "የሳር ገንዘብ" ይሉታል። ከወል መሬት የተገኘ ገንዘብ ማለት ነው።

በ1892 የመንግሥት ኮሚሽን መጣና መሬቱን እንከፋፍል አለ። ከሁለት ሚሊዮን ኤከር ለሚበልጠው "ትርፍ" መሬት ሁለት ሚሊዮን ዶላር። ኤከሩ ከአንድ ዶላር በታች! በ1867ቱ ውል መሠረት የአዋቂ ወንዶች ሦስት አራተኛ መፈረም ነበረበት። ፊርማው አልሞላም፣ በማታለል ነው የተሰበሰበ ተብሎ ተከሰሰ። ክሱን የመራው የካዮዋው አለቃ ሎን ዎልፍ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1903 ምን አለ? ኮንግረስ ከፈለገ ውሉን ብቻውን ማፍረስ ይችላል! እስከዚያ መሬቱ አልቋል። በ1901 ዕጣ ተጣለ፤ ለ13,000 ቦታ ከ160,000 በላይ ሰው ተመዘገበ። ኮማንቺው ሰው በነፍስ ወከፍ 160 ኤከር ደረሰው። ለግጦሽ የቀራቸውን 480,000 ኤከርም በ1906 ሸጡባቸው።

በንጉሡ ዘመን ደቡብ ላይ ቀላድ ሲጣል የነበረውን አባቴ ይነግረኝ ነበር። መለካት ንጹሕ ሥራ ይመስላል። ተለክቶ ሲያልቅ ግን ማን ጭሰኛ እንደሆነ ይታያል። ወደ አገር ቤት አትሂዱ ስለተባለ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

አወያይ፦ ጋሼ፣ ለእርስዎ ተፈቅዷል።

ባለ ቆቡ፦ ጋሼ፣ ታሪኩን አከብራለሁ። ግፍ ነበር፤ ማንም አይክድም። ጥያቄው ግን ዛሬ ማን ይሻላል ነው እንጂ ያኔ ማን ተበደለ አይደለም። ደግሞ የወል መሬት ችግር የኮሎምቢያ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እዚያው አሜሪካ ናቫሆዎችን እዩ። ግዙፍ ክልል አላቸው፤ አብዛኛው ተሸንሽኖ አልተሸጠም። ከአስር ቤት ሦስቱ ገደማ የቧንቧ ውሃ የለውም። ያው ሀብታም አሜሪካ ውስጥ! ለምን? የወል መሬት ይዘህ ባንክ ብትሄድ ማንም አያበድርህም። ማስያዣ የሌለው ሰው ሱቅ እንኳን አይከፍትም።

ሕሊና፦ የናቫሆው ነጥብ ጠንካራ ነው። ሰብለ፣ በዚህ ላይ አትቸኩይ።

ሰብለ፦ አልቸኩልም፣ እህቴ። የናቫሆው ነጥብ እውነት ነው። የወል መሬት ብቻውን ቧንቧ አይዘረጋም፣ እስማማለሁ። ግን ባለ ቆቡ ሁለት ነገር እያቀላቀለ ነው። አንዱ የመሬቱ ሕግ ነው። ሌላው የአገሩ ሀብት ነው። የላውተን ሆስፒታል የተሠራው መሬት ስለተሸነሸነ አይደለም። የፌዴራል መንግሥቱ ለነባር ሕዝቦች የጤና ኃላፊነት ስላለበት ነው። ሆስፒታሉን ለሽንሸናው ውለታ አትቁጠርለት። ኮሎምቢያም ነገ ላ ጓሂራ ላይ ውሃ ብታስገባ የይዞታውን ወረቀት መንካት የለባትም።

ዋናው ነጥቤ ግን ይሄ ነው። ያ የምትኮራበት ካዚኖ የት ነው የቆመው? በ1988 የወጣው የፌዴራል ሕግ ቁማሩን የሚፈቅደው በነባር ሕዝቦች መሬት ላይ ነው። ካዚኖው የጎሳው መንግሥት እንጂ የግለሰብ አይደለም። ቦታው የፌዴራል መንግሥቱ በአደራ የያዘላቸው፣ እንደፈለጉ የማይሸጡት መሬት ነው። ኮማንቺው የደረሰውን 160 ኤከር ከአደራ አውጥቶ የግሉ አድርጎ በዚያ ላይ ካዚኖ ልክፈት ቢል ማንም አይፈቅድለትም። ገንዘቡ የሚመጣው ከሽንሸናው ከተረፈችው ነገር ነው። አንተ ግን ሽንሸናው ያመጣው አድርገህ ትነግረናለህ።

ጠያቂ፦ ኦ ኦ።

የዳላስ ሾፌር፦ ይሄ እንኳን ገብቶኛል። ሰብለ፣ አንድ ልጨምርልሽ። የተሸነሸነው መሬት ለባለቤቶቹም ቢሆን ምን ሆነ? መሬቱ በአደራ ስለተያዘ ወራሽ በወራሽ ላይ ተደረበ። ዛሬ በአንድ ይዞታ ላይ መቶና ከዚያ በላይ ወራሽ የሚገኝበት አለ። ኪራዩ ሲካፈል ለአንዱ የሚደርሰው የሳንቲም ቼክ ነው። መንግሥት የእነዚህን ሰዎች ሂሳብ በትክክል አልያዘም ተብሎ በ1996 ተከሰሰ። የከሰሰችው ኤሎይስ ኮቤል ብላክፊት ከሚባሉት ነባር ሕዝቦች ወገን ነበረች፤ ሞንታና ነው አገሯ። በ2009 በ3.4 ቢሊዮን ዶላር ታረቁ። ከዚያ ውስጥ 1.9 ቢሊዮኑ ለምን ዋለ? ያንን የተበጣጠሰ ድርሻ ከወራሾቹ ገዝቶ ለጎሳዎቹ በወል ለመመለስ! አሜሪካ የሸነሸነችውን ለመግጠም ቢሊዮን ዶላር መደበች ማለት ነው።

ባለ ቆቡ፦ እሺ፣ ኦሴጆችስ? እዚያው ኦክላሆማ መሬታቸው በ1906 ተሸነሸነ። በ1920ዎቹ ግን በነፍስ ወከፍ ከዓለም ሀብታሞች ተርታ ነበሩ።

ሰብለ፦ ከላይ ያለው ተሸነሸነ፣ በታች ያለው ነዳጅ ግን በወል ቀረ። ገንዘቡ የመጣው ከወሉ ነው። በራስህ ምሳሌ ረዳኸኝ ❤️

ጋሽ ታሪኩ፦ እዚህ ላይ ሰብለም አትቸኩይ። የነዳጁ ድርሻ በውርስ ይተላለፍ ስለነበር ሰው ለውርስ ሲል ሚስቱን እስከ መግደል ደረሰ። ወል ነው ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም።

ሕሊና፦ ጋሼ ያነሱትን ልያዝና ልቀጥል። ሁላችሁም ስለ ገንዘብ ነው የምታወሩት፤ ስለ ነፍስ ማንም አላነሳም። ኮሎምቢያ ውስጥ ካውካ የሚባለውን ክፍለ አገር እዩ። እዚያ የሚኖሩት ናሳ ይባላሉ (የጠፈሩን መሥሪያ ቤት አይደለም)። አያቶቻቸው ለባለርስት በነጻ እየሠሩ መሬት የሚቀመጡ ጭሰኞች ነበሩ። ኪንቲን ላሜ የሚባል መሪ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ "አንገብርም" ብሎ አስነሳቸው፤ ዕድሜውን እስር ቤት ሲመላለስ ጨረሰ። በ1971 ማኅበር አቋቋሙ፤ ርስቱን እየገቡ አስመለሱ። በ1991 ሕገ መንግሥት ሲጻፍ የነባር ሕዝቦች ተወካዮች ጉባኤው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ዛሬ ሁለት የሴኔት ወንበር ተለይቶላቸዋል፤ በራሳቸው ሕግ የመዳኘት መብትም አላቸው። ይሄ ሁሉ ደስ ይላል።

ግን በ2019 ጥቅምት ላይ ታኩዌዮ ውስጥ የናሳዋ አስተዳዳሪ ክሪስቲና ባውቲስታ ከጥበቃዎቿ ጋር በታጣቂዎች ተገደለች። ጥበቃዎቹ የያዙት ዱላ ነው። መሣሪያ አይዙም፤ ደንባቸው ነው። የኮካ (ኮኬይን የሚሠራበት ቅጠል) ንግዱ መንገድ በእነሱ መሬት ስለሚያልፍ ነው ይሄ ሁሉ። ፍርድ ቤቱ በ2009 ከኮሎምቢያ ነባር ሕዝቦች 34ቱ የመጥፋት አደጋ ላይ ናቸው ብሏል። ላውተን ላይ የጎሳ ምክር ቤት አባል ስትሆኑ ጥይት አትጠብቁም። እኔ ብመርጥ በዚህ ምክንያት ብቻ ኮማንቺን ነው የምመርጠው። ስለ መሬቱ ሰብለ ልክ ብትሆንም።

የዳላስ ሾፌር፦ ሕሊና፣ ጥሩ ነው። ቋንቋውን ግን አትርሺ። አፉን በኮማንቺ ቋንቋ የፈታ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው አሁን። ልጆቹን አዳሪ ትምህርት ቤት አስገብተው ቋንቋቸውን ሲናገሩ ይቀጡ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ያው ቋንቋ ለሚስጥር መልእክት ተፈለገና ኮማንቺ ወታደሮች ኖርማንዲ ድረስ ሄደው አገለገሉ። ዋዩዎች በ2018 ቆጠራ 380,000 ገደማ ናቸው፤ አብዛኛው ሰው በራሱ ቋንቋ ነው የሚያወራው። ተርበውም ቢሆን።

ባለ ቆቡ፦ "ተርበውም ቢሆን" ያልከው እኮ ነው የኔ ነጥብ። የራበው ሕፃን በየትኛው ቋንቋ እንደሚያለቅስ ለእናቱ ምኗ ነው? ሰብለ፣ አንድ ነገር መልሺልኝና ልተኛ። ያቺ ዋዩ እናት ድርሻዋን ሸጣ ሪዮአቻ ከተማ ቤት መከራየት ብትፈልግ ለምን ትከለከላለች? አንቺ አዲስ አበባ ተቀምጠሽ ለሷ ትወስኛለሽ?

ሰብለ፦ እኔ አልወስንም። መሄድም ማንም አይከለክላትም፤ ብዙዎች ሄደዋል። መሸጥ ግን አትችልም፤ መሬቱ የሷ ብቻ ስላልሆነ። ዋዩ ዘንድ ዘር የሚቆጠረው በእናት ወገን ነው፤ መቃብሩም የእናት ወገን ነው። ደግሞ ገዢው ማን እንደሚሆን አስብ። ፍየል የሚያረባው ጎረቤቷ አይገዛትም፣ ገንዘብ የለውም። ላ ጓሂራ ላይ አሁን ሁሉም የሚፈልገው ንፋሱን ነው። ኤኔል የሚባለው የጣልያን ኩባንያ የንፋስ ኃይል ጣቢያ ጀምሮ፣ መንደሮቹ መንገድ እየዘጉበት በ2023 ትቶት ወጣ። መሬቱን መግዛት ቢችል ኖሮ ገዝቶ አጥር ያጥር ነበር። መግዛት ስላልቻለ እየመጣ መነጋገር ነበረበት።

ባለ ቆቡ፦ ወጣ አይደል? ሥራውም አብሮት ወጣ። ደህና እደሩ።