የያዝኳት ሸረሪት የትኛዋ ናት?

እባካችሁ፣ ሸረሪት የምታውቁ እርዱኝ። እዚህ ጅማ፣ ከሙዝ ዘለላ መሀል የወጣች ትልቅ ሸረሪት ክዳኑ በተበሳ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ በረሮ እየመገብኩ አሳድጋለሁ። እናቴ «ቤቱን የመርዝ ጎተራ አደረግኸው» ስትል ነበር፤ በረሮው ከማዕድ ቤት ሲመናመን ግን ዝም አለች።

ለማደን ድር አታደራም፤ አድፍጣ ትወረወራለች። ሰውነቷ ጠፍጣፋና ቡናማ ነው፣ እግሮቿ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ተዘርግተዋል፣ ከዓይኖቿ በታች ነጣ ያለ ቅብ አላት። ይህ ቅብ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1767 የገለጻትን፣ ከሙዝ ጭነት ጋር አገር ላገር የዞረችውን ሄቴሮፖዳ ቬናቶሪያ የተባለች የሸረሪት ዝርያ ያስጠረጥረኛል። ነገር ግን ኦሊዮስና ፓሊስቴስ የተባሉት ዘመዶቿም አፍሪካ ውስጥ አሉ። ቁርጡ የሚለየው የመራቢያ አካሏ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው፤ ለዚያ ብዬ ደግሞ አልገድላትም። በተለይ አሁን! ጠፍጣፋ የእንቁላል ከረጢት ከደረቷ ሥር አቅፋ፣ የሰጠኋትን በረሮ ዞር ብላም አታየውም።

በሕይወት እያለች ለመለየት የትኛውን ክፍሏን ፎቶግራፍ ላንሳ? የስምንቱ ዓይኖቿ አሰላለፍ ይበቃል? ልጆቿ ሲፈለፈሉስ ወዲያውኑ ልለያቸው ወይስ ከእናታቸው ጋር ይቆዩ? ለልጆቿ ምግብ ብዬ የፍራፍሬ ዝንብ ማርባት ጀምሬአለሁ።