የዲከረንስ ከሰል ለሲሊከን እቶን ይሆናልን?

ጠያቂ፣ ከእንጅባራ፦
ጤና ይስጥልኝ። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው በማሳው ላይ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ ተክሎ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቆርጦና አክስሎ እንደሚሸጥ ይታወቃል። ሲሊከን የሚያመርቱ ፋብሪካዎችም ሲሊከንና ኦክስጅን ከያዘው ኳርትዝ ከተባለ ድንጋይ ኦክስጅኑን ለመንጠቅ ካርቦን እንደሚጠቀሙ አንብቤያለሁ። የእኛ ከሰል ለዚህ ሥራ ይበቃ ይሆን?

የኬሚካል መሐንዲስ፣ ከባሕር ዳር፦
ብራዚል ውስጥ የባሕር ዛፍ ከሰል ለዚሁ ሥራ ስለሚውል፣ የእንጨት ከሰል ለእቶኑ እንግዳ አይደለም። በስሌት ለአንድ ቶን ሲሊከን 855 ኪሎ ግራም ያህል ንጹሕ ካርቦን ያስፈልጋል፤ ከመጠኑ ይልቅ ግን የካርቦኑ ጠባይ ይበልጣል። ከ1900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚግለው የእቶኑ ታችኛ ክፍል ሲሊከን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ተፈጥሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ካርቦኑ በመንገድ ላይ ይዞ ሲሊከን ካርባይድ ወደተባለው የሲሊከንና የካርቦን ውህድ ካልለወጠው፣ አብዛኛው ጋዝ በጭስ መልክ ያመልጣል፣ ለአንድ ቶን ከ11 እስከ 13 ሜጋ ዋት ሰዓት ከሚፈጀው ኤሌክትሪክም ከፊሉ በከንቱ ይጠፋል። የእንጨት ከሰል ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ በመሆኑ፣ ይህን ጋዝ በመያዝ ከነዳጅ ማጣሪያ ከሚገኘው ጠጣር ካርቦን፣ ከፔትሮሊየም ኮክ፣ በእጅጉ ይሻላል።

የማዕድን ላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ እኔን የሚያሳስበኝ አመዱ ነው። ካርቦኑ በጋዝ መልክ ሲወጣ፣ በአመዱ ውስጥ ያለው ብረት አብዛኛው ከሲሊከኑ ጋር ይቀራል፤ አሉሚኒየሙና ካልሲየሙም ጥራቱን ያወርዱታል። በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰል ክምር ደግሞ ከሰሉ አፈር ይዞ ይወጣል፤ የአዊ ቀይ አፈር ብረትና አሉሚኒየም የበዛበት ስለሆነ፣ ጉዳቱ ከዛፉ ሳይሆን ከአከሳሰሉ የሚመጣ ይመስለኛል። ደቃቁም ተበጥሮ መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ የጋዙን መተላለፊያ ይደፍናል።

የደን ባለሙያ፣ ከአዲስ ቅዳም፦
ገበሬው ከሰሉን የሚሸጠው በጆንያ ነው፤ አፈር የሌለበት ከሰል የተለየ ዋጋ ካላወጣለት፣ ለጡብ ምድጃ ወይም ለብረት በርሜል ወጪ እንዲያደርግ መጠየቅ ፍትሐዊ አይደለም። ስለ ፋብሪካ ከመነጋገራችን በፊት የዋጋው ነገር መታሰብ ይኖርበታል።

ጠያቂ፦
እናመሰግናለን። መጀመሪያ ምን ይለካ?

የማዕድን ላቦራቶሪ ባለሙያ፦
ከአንድ ማሳ የተቆረጠውን እንጨት ከፊሉን በአፈር ክምር፣ ከፊሉን በበርሜል አክስላችሁ ለየብቻ አስቀምጡ። ከሁለቱም ናሙና ተወስዶ በ750 ዲግሪ ሲቃጠል የሚቀረው አመድ ይመዘን፤ ቀጥሎም በአመዱ ውስጥ ያለው ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ካልሲየምና ፎስፈረስ ይለካ።