በስልክ የሚታይ ቅዳሴ እንደ ማስቀደስ ይቆጠራል ወይ?

አወያይ፦ በ2012 ዓ.ም ሰሞነ ሕማማትና ትንሣኤ በኮሮና ምክንያት በየቤቱ ታስበው አለፉ፤ ቅዳሴው በቴሌቪዥን ተላለፈ። ዛሬም በዐረብ አገር ከአሠሪ ቤት እንዳይወጡ የተከለከሉ እህቶች የሚከታተሉት በስልክ ነው። ይህ ማስቀደስ ነው? ካልሆነስ በምን ይጽኑ? ስድብ ይቅር።

ዲያቆን፦ አይደለም። ቅዳሴ ቢያንስ 5 ልዑካን (2 ካህናት፣ 3 ዲያቆናት) ይፈልጋል፤ ፍጻሜውም ቁርባን ነው። ሥጋውና ደሙ በስክሪን አይተላለፍም፤ 18 ሰዓት ጾሞ ስልክ ፊት የቆመ ሰው የሚቀበለው የለም። የ2012ቱ ጥፋት የደጁ መዘጋት አይመስለኝም። ለምእመኑ ስርጭት ሰጠነው፣ የቤት ጸሎት ሥርዓት፣ በቀን ሰባት ጊዜ የሚጸለየውን፣ ግን በቅጡ አላስያዝነውም። ተመልካች አድርገነው ቀረን።

ወንጌላዊ፦ በመጨረሻው ነጥብ እስማማለሁ፣ በመጀመሪያው አልስማማም። መሠረተ ክርስቶስ የተባለችውን የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ደርግ በ1974 ዓ.ም ሲዘጋት አባላቷ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ተሰባሰቡ፤ ደርግ ሲወድቅ ቁጥራቸው ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ትልቅ ስብከት አልነበራቸውም፤ በትንሽ ቡድን ውስጥ ግን ዝም ብሎ የሚቀመጥ የለም፣ ሁሉም ያነባል፣ ሁሉም ይጸልያል። «መሰብሰባችንን አንተው» (ዕብ 10፥25) የሚለው በስልክም ይፈጸማል፤ ስልኩ ሁለቱንም ወገን የሚያናግር ከሆነ። 3 ወይም 4 ሰው፣ 20 ደቂቃ፣ አንድ ምዕራፍ። ከ5 ሲያልፉ አንዱ ሰባኪ ይሆንና ሌላው ማይኩን ዘግቶ ይተኛል።

የጤና መኮንን፦ ስለ መዘጋቱ ብቻ። በወቅቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብን ከልክሎ ነበር። ድምፅ ከፍ አድርጎ መዘመር ከንግግር የበለጠ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ሰው በተጨናነቀበት ለሰዓታት መቆም ደግሞ ያባብሰዋል። ስለዚህ እርምጃው ትክክል ነበር። ብቻውን የተዘጋበት ሰው እንቅልፉ ሊበላሽበት ይችላል፤ ሌትና ቀኑ ይቀላቀልበታል። ቋሚ የጸሎት ሰዓት ለዚህም ይረዳል።

አስተባባሪ (ኩዌት)፦ ዲያቆን፣ የሰባቱን ጊዜያት ጸሎት ለማን ነው የምታስይዘው? ሰዓታችን ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ቢሆንም እሑድ እዚህ የሥራ ቀን ነው። ቅዳሴው ሲተላለፍ ልጅቷ ቁርስ እያቀረበች ነው። አንዳንዷ ስልኳን የምታገኘው ማታ ብቻ ነው፣ አንዳንዷ ጭራሽ ተቀምታለች። የጸሎት መጽሐፍ በስልክ ጭኖ መላክ ስልኩ እስካለ ድረስ ነው የሚሠራው።

ዲያቆን፦ እውነትሽን ነው እህቴ፣ ስለዚህ ከቃል ጥናት ይጀመር። አቡነ ዘበሰማያትን ሁሉም ይዞታል። ቀጥሎ መዝሙር 50ን ለጠዋት፣ 90ን ለማታ፤ በቀን 2 ቁጥር ብቻ። ሁለቱ በቃል ከተያዙ ስልክ ቢወሰድም ጸሎት አይቋረጥም። ሳህን እየታጠበም በልብ ይባላል። ስልክ ያላት የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ትጨምር።

ዳዊቱ በዕለት ተከፍሏል፦ ሰኞ 1–30፣ ማክሰኞ 31–60፣ ረቡዕ 61–80፣ ሐሙስ 81–110፣ ዓርብ 111–130፣ ቅዳሜ 131–150። ሙሉውን ልድገም ብሎ የሚነሣ ሠራተኛ ሳምንት ሳይሞላው ይተወዋል፤ ከዕለቱ ክፍል 3 መዝሙር ይበቃል። ቁጥሩን አስተውሉ፤ ዳዊት በዋሻ ሆኖ «ነፍሴን ከወኅኒ አውጣት» ያለበት በእኛ 141 ሲሆን በአንዳንድ የስልክ መጽሐፍ ቅዱስ 142 ነው። ተባብረው የሚጸልዩ ሰዎች አንዱ ሌላ መዝሙር ሲያነብ የሚገኘው በዚህ ነው። ስግደት ወገቧ ለደከመ አይጫንባት፤ እሑድማ ስግደት የለም።

ጠያቂ፦ ንስሐስ በስልክ?

ዲያቆን፦ ምክርና ማጽናናት ይቻላል። ኃጢአትን በድምፅ መልእክት ቀድቶ መላክ ግን በፍጹም። መልእክቱ ስልኩ ላይ ይቀራል፣ ስልኩን አሠሪ ይከፍተዋል፣ ወይም ቡድን ውስጥ ተሳስቶ ይገባል። ኑዛዜው ከንስሐ አባት ፊት እስኪቆሙ ይቆይ።

ወንጌላዊ፦ እዚህ ጋ ነው የምንለያየው። ፊት ለፊት እስኪቆሙ 2 ዓመት ኮንትራት ሊያልፍ ይችላል። ያን ያህል ጊዜ «ይቅር ተብዬ ይሆን?» እያለች ትኑር? ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» ብሎ የጻፈው እኮ ታስሮ ነው።

ዲያቆን፦ እግዚአብሔር የልቧን ጸጸት አይቀበልም አላልኩም። ሥርዓቱ ይቆያል፣ ምሕረቱ አይቆይም።

አስተባባሪ (ኩዌት)፦ እናንተ ተከራከሩ፤ እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። የቀጥታ ቪዲዮ ዳታ ይበላል። ከ15 ደቂቃ ያልበለጠ ድምፅ ብቻ፣ የዕለቱ ምንባብና አጭር ትርጓሜ፣ ሐሙስ ማታ ይላክልን። የዓርብ ዕረፍት ያላት ለሌሎቹ ታካፍላለች።

ዲያቆን፦ ይላካል። ብቻ «ቅዳሴ» ብላችሁ እንዳትሰይሙት።

ወንጌላዊ፦ ስሙ ሳይወጣለትም ቢሆን ይላክ።