ለስቶር ሠራተኛችን ባለፈው 92 ሞላሁ፣ አሁን 60 ልሰጥ ነው

ጠያቂ፦
ሰላም ናችሁ። ሐሙስ ከስቶር ሠራተኛችን ጋር የስድስት ወር የሥራ አፈጻጸም ምዘና አለብኝ። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ሥራው ግን አልሆነም። ዕቃ ሲገባና ሲወጣ ቢን ካርዱ (ገቢና ወጪ በእጅ የሚጻፍበት የስቶር ካርድ) ላይ ይጽፋሉ፣ የኮምፒውተር ሲስተሙ ላይ ግን አያስገቡም። ባለፈው ወር ሽያጭ ክፍል "አልቋል" ብሎ ደንበኛ መለሰ፣ ወርጄ ሳይ 40 ካርቶን ከበሩ ጀርባ ተደርድሯል። ሲደገም ይሄ ሦስተኛው ነው። ጣጣው ደግሞ ባለፈው ምዘና በይሉኝታ ከመቶ 92 ሞልቼላቸዋለሁ። አሁን 60 ሰጥቼ በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?

መልስ 1፦
92ቱን የሞላኸው አንተ ነህ፣ ከሱ ጀምር። "ጋሼ፣ ያኔ መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ" በላቸው። እስከ ሐሙስ ደግሞ ቁጭ ብለህ ማስረጃህን አውጣ፤ የትኛው ዕቃ፣ መቼ ገባ፣ ካርዱ ስንት ይላል፣ ሲስተሙ ስንት ይላል። "ትጋት ይጎድላቸዋል" ብለህ እንዳትጽፍ ብቻ፣ እሱ ስድብ ነው።

መልስ 2፦
ምን ይሄን ያህል ያስጨንቃል? ማስጠንቀቂያ ስጥና አሰናብት። ድርጅት ነው እንጂ ዕድር አይደለም።

መልስ 3፦
እንደዛ ብሎ ነገር የለም ወንድሜ፣ ኤችአር (የሰው ኃይል አስተዳደር) ነኝ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የችሎታ መቀነስ በማስጠንቀቂያ ያሰናብታል፣ ግን የኅብረት ስምምነቱ (የሠራተኛ ማኅበሩና የአሠሪው ውል) ሌላ ካላለ በየጊዜው በሚደረግ ምዘና መረጋገጥ አለበት። የመጨረሻው ምዘና 92 እያለ ምን ይዘህ ነው ፍርድ ቤት የምትቆመው? ማስጠንቀቂያውም ቢሆን ከ9 ዓመት በላይ ላገለገለ 3 ወር ነው። ለመሆኑ ጠያቂው፣ ሲስተሙን ማን አሳያቸው?

ጠያቂ፦
እውነቱን ልናገር? ግማሽ ቀን ሥልጠና ነበር፣ እሳቸው ያን ቀን ዕቃ ሲያራግፉ ነው የዋሉት። ከዛ በኋላ ማንም አላሳያቸውም፣ እኔም ጭምር።

መልስ 4፦
ጠርጥሬ ነበር። የኔም አባት ስቶር ነበር የሚሠራው። ኮምፒውተር ሲመጣ "ፊደሉ አይታየኝም" ማለት አፍሮ ስንት ወር ካርድ ብቻ ሲጽፍ ኖረ፣ መነጽር ነበር የጎደለው። ደግሞ ሰው በሚያይበት ቢሮ አታስጠራቸው እባክህ።

ጠያቂ፦
ዛሬ ወርጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አንዱን ደረሰኝ አብረን አስገባን፣ ሩብ ሰዓት ፈጀ፣ ሁለተኛውን ብቻቸውን ሞከሩት። ምዘናውን እዛው ስቶር ውስጥ፣ ሰው ከወጣ በኋላ 11 ተኩል ላይ አደርገዋለሁ። 60ው ግን አይነካም፣ 92ቱን ያለ አግባብ መሙላቴንም ቅጹ ላይ እጽፋለሁ።